የሕፃናትን ጥርስ ከመበላት ማዳን፦ ከጡጦ እስከ መክሰስ

የመጀመሪያ ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው አራቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ከድዱ ሥር እንደተለኮሰ ክብሪት ጠቁረው ነበር። ያየው ሰው ሁሉ «የወተት ጥርስ አይደል? ይወድቃል» ይለኛል፤ እኔም በዚሁ እጽናናለሁ። ልጁ ግን ዳቦ መንከስ አቆመ፣ ሥጋ ቢሰጡት ይተፋል፣ የሚቀበለው ስኳር የበዛበት አጥሚትና በሻይ የራሰ ዳቦ ብቻ ሆነ። ከሳ። እሱ ሲከሳ እኔ ደግሞ «ብቻ ይብላልኝ» እያልኩ ስኳሩን ጨመርኩ። ጥርሱ ስላመመው አልበላም፣ ስላልበላ አጣፈጥኩለት፣ ስላጣፈጥኩለት ጥርሱ ባሰበት።

አሁን ጅማ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። በየጠዋቱ ሠላሳ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ሲዘምሩ ፊት ለፊታቸው የሚቆም ሰው ብዙ ነገር ያያል። ከዚህ በታች የጻፍኩት ለሁለተኛዋ ልጄ ያደረግኩትን፣ ለተማሪዎቼ ወላጆችም የምነግረውን ነው። የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም የሚያስፈልግበት ቦታ ሲደርስ እናገራለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ጥርስ እንዴት ይበላል?

«ትል በላው» እንላለን እንጂ ትል የለም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱ የጥርሱን የላይኛ ሽፋን ማዕድን ያሟሟዋል። የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ መሟሟቱ ይጀምራል። ምራቅ ደግሞ አሲዱን እያበረደ፣ ካልሲየምና ፎስፌት ለጥርሱ እየመለሰ ይጠግናል። አንዴ ጣፋጭ ከቀመስን በኋላ አፋችን ወደ ቦታው እስኪመለስ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል።

ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ስኒ ጣፋጭ ሻይ ከቁርሱ ጋር በአንዴ የጨረሰ ልጅ ጥርሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠቃል፤ ከዚያ ምራቁ ይደርስለታል። ያንኑ ስኒ በጡጦ ይዞ እስከ ምሳ ሲጠባ የዋለ ልጅ ግን ምራቁ ፋታ አያገኝም። የሁለቱም ስኳር እኩል ነው፣ ጥርሳቸው ግን እኩል አይበላም። ስለዚህ ወላጆች «ስንት ማንኪያ ላድርግለት?» ሲሉኝ መጀመሪያ የምመልሰው «በቀን ስንት ጊዜ አፉ ይገባል?» ብዬ ነው።

«ይወድቃል» ለሚሉት ደግሞ ይህን ንገሯቸው። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። የመጀመሪያው በ6 ወር ገደማ ብቅ ይላል፣ የመጨረሻዎቹ እስከ ሦስት ዓመት ይወጣሉ። የኋላዎቹ መንጋጋዎች የሚወድቁት ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሆነው ነው። ልጁ የሚያድግበትን ምግብ የሚያኝከው፣ ቃላቱን የሚያጠራው በእነዚሁ ነው፤ ለቋሚው ጥርስም ቦታ ይዘው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከንፈሩን አንስታችሁ እዩ

ሁለት ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጡ። ልጁ እግሩን በእናቱ ወገብ ዙሪያ አድርጎ ፊቱን ወደ እሷ ያዙር፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተንጋሎ ራሱ ሁለተኛው ሰው ጭን ላይ ይረፍ። መስኮት አጠገብ ወይም በስልክ መብራት የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ግለጡ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በወር አንድ ጊዜ ይበቃል፤ እኔ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን አደርገዋለሁ፣ አለበለዚያ እረሳለሁ።

የምትፈልጉት ጥርሱ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ላይ ያለ እንደ ጠመኔ የነጣ፣ የማያብረቀርቅ መስመር ነው። ይህ የመጀመሪያው ምልክት ሲሆን ገና አልተቦረቦረም፤ አመጋገቡ ከተስተካከለና በፍሎራይድ ሳሙና ከተቦረሸ ሊቆም፣ ሊመለስም ይችላል። ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ከጎደጎደ ግን በራሱ አይመለስም፤ ወደ ሐኪም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚጠቁት የላይኛው የፊት ጥርሶች ናቸው። የታችኞቹን ምላስ ይሸፍናቸዋል፣ ምራቅም ያጥባቸዋል። እናቶች ብዙ ጊዜ የታችኞቹን ብቻ አይተው «ደህና ነው» የሚሉትም ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ የአንድ ቀን መዝገብ ያዙ

ከደብተር አንድ ገጽ ቅደዱና ልጁ ከእንቅልፉ ከተነሳበት እስከተኛበት፣ ሌሊቱንም ጨምሮ፣ ከውሃ በስተቀር አፉ የገባውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፉ። ሞግዚቷ፣ አያቱ፣ ባለሱቁ የሰጡትም ይቆጠራል። እኔ ያየሁት የአንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ገጽ ይህን ይመስል ነበር፦

ጠዋት 1 ሰዓት ዳቦ በሻይ። 2 ሰዓት ተኩል ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ ከረሜላ። 4 ሰዓት ክሬም ያለው ብስኩት። 6 ሰዓት ተኩል ምሳ፣ ከላዩ ለስላሳ። 9 ሰዓት የአቮካዶ ጁስ። 10 ሰዓት ቡና ሲፈላ የእናቷ ስኒ ሥር የቀረችው ስኳር። ማታ 1 ሰዓት እራት። 3 ሰዓት ስኳር ያለው ወተት በጡጦ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ያው እንደገና።

ጣፋጭ ያለበትን በቀይ አክብቡ። እዚህ ላይ ስምንት ነው። ስምንት ጊዜ በግማሽ ሰዓት ቢባዛ አራት ሰዓት፣ የሌሊቶቹ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ብዙ ይበልጣሉ። ግባችሁ ሦስት ምግብና ሁለት መክሰስ፣ በመካከላቸው ውሃ ብቻ፤ ጣፋጭ ከገባ ደግሞ በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋር ተያይዞ።

ልኩንስ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር፣ ማርና የጁስ ስኳርም ጭምር፣ ከቀን ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 1000 ካሎሪ ገደማ ለሚያስፈልገው ትንሽ ልጅ 5 በመቶው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ያህል፣ ማለትም ከሰባት ማንኪያ በላይ ይይዛል።

ደረጃ 3፦ ከሌሊቱ ጀምሩ

አንድ ነገር ብቻ ለመለወጥ አቅም ካላችሁ ይህን ለውጡ። ልጅ ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል። ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ የተኛ ልጅ ጣፋጩ የላይኛው ጥርሶቹ ዙሪያ ተጠራቅሞ ያድራል። የእኔ ልጅ አራት ጥርሶች የሄዱት በዚህ መንገድ ነው፤ በቀን ከረሜላ እንኳ አያውቅም ነበር።

ጡጦውን በአንድ ሌሊት ልንጠቀው ብትሉ ጎረቤት ሁሉ ሳይተኛ ያድራል። እኔ ለሁለተኛዋ እንዲህ አደረግኩ፦

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች ከሁለት ማንኪያ ስኳር ወደ አንድ ዝቅ አደረግኩ። በቀጣዮቹ ሦስት ወደ ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ሌሊት ስኳር የሌለው ወተት። ከዚያ በኋላ ወተቱን በየሌሊቱ በውሃ እያሳሳሁ በሁለት ሳምንት ገደማ ጡጦው ውስጥ የቀረው የተፈላ ውሃ ብቻ ሆነ። ውሃ ለማግኘት የሚነቃ ልጅ ብዙ የለም። ማሳሳቱ የሚሠራው ከዓመት በላይ ሆኖ ቀን በደንብ ለሚበላ ልጅ ነው፤ ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ወተት በውሃ አይሳሳም። የእንቅልፉን ወተት ደግሞ ከመቦረሹ በፊት፣ ቁጭ ብላ በስኒ እንድትጠጣ አደረግኳት። ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ጡጦን ጨርሶ በስኒ መተካት ይቻላል።

ስለ ጡት፦ ይህን ያነበበች እናት ጡት ልታስጥል እንዳትነሳ። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት የሚመከር ነው፤ እስከ አንድ ዓመት ያለው ጡት ማጥባት እንዲያውም ጥርስን የሚጠብቅ እንጂ የሚጎዳ ሆኖ አልተገኘም። ከዓመት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ጡት አፉ ውስጥ ሆኖ የሚያድር፣ ቀን ደግሞ ጣፋጭ የሚበላና የማይቦረሽ ልጅ ላይ ግን ጉዳት ይመጣል። መፍትሔው ማታ ጥርሱን መቦረሽ፣ ጠግቦ ሲተኛ ጡቱን ቀስ አድርጎ ከአፉ ማውጣት፣ ቀን ስኳሩን መቀነስ ነው።

ደረጃ 4፦ ቁርሱንና መክሰሱን ቀይሩ

ጅማ ላይ ሆኖ «የልጅ መክሰስ ምን ልስጥ?» ማለት ያሳፍራል፤ እኔም ግን ብዬዋለሁ። በብዙ ግቢ አቮካዶ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። አቮካዶ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፣ ቅባቱ ለከሳ ልጅ ጥሩ ነው፣ ለስላሳ ስለሆነ ጥርስ ያመመው ልጅም ይውጠዋል። ጁስ ቤት ገብቶ ስኳርና ቪምቶ ሲጨመርበት ነው ነገሩ የሚበላሸው። ቤት ውስጥ በሹካ ፍጩት፣ ትንሽ ጨውና ሎሚ ጣል አድርጉበት፣ በእንጀራ ወይም በዳቦ ስጡት።

ሂርማታ ገበያ ስትወርዱ ለብስኩት የምታወጡትን ገንዘብ ለእንቁላል፣ ለጎደሬ፣ ለበቆሎ እሸት፣ ለካሮትና ለሙዝ አውሉት። የተቀቀለ ጎደሬ በቅቤ ልጆች ይወዱታል፤ ምሳ ዕቃ ውስጥ ቢያድርም ችግር የለውም የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ጠዋት የተቀቀለውን ነው የምመርጠው። እርጎና አይብ ካልሲየም ይሰጣሉ፤ አይብ ከምግብ መጨረሻ ላይ ቢበላ አሲዱን ያበርዳል። ብርቱካን ሙሉውን ይብላ፣ አይጨመቅ። ቆሎና ለውዝ ለጥርስ ጥሩ ቢሆኑም ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅን ሊያንቁት ይችላሉ፤ ለትንንሾቹ አትስጡ።

ቺፕስ ጨው ስለሆነ ጥርስ አይጎዳም የሚል እምነት አለ። የተጠበሰ ድንች ስታርች በምራቅ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ያውም መንጋጋ ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቆ ይቆያል። ብስኩትም እንደዚያው። በረመዳን የሚበዙት ተምርና ሙሸበክም የሚጣበቁ ናቸው፤ ለልጁ ከፊጥራው ጋር በአንድ ቁጭታ ስጡት፣ ሲዞር የሚበላው ኪሱ ውስጥ አታስቀምጡለት። ሸንኮራ አገዳም ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲመጠጥ ያው ጡጦ ነው።

ዳቦ በሻይ ላይ ሁለት ክስ አለኝ። ስኳሩ አንዱ ነው። ሁለተኛው ሻይ የምግብ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ መቀነሱ ነው፤ ደም ማነስ ያለበት ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይፈዛል፣ ይበልጥ አይበላም። በምትኩ ምጥን ዱቄት ገንፎ ወይም ቅንጬ በቅቤ፣ እንቁላል ከተገኘ እንቁላል። የሚጾም ቤት ከሆነ ለሕፃኑ አንድ ትንሽ ድስት ለዩና እንቁላሉንና ወተቱን በእሷ ብቻ ሥሩለት፤ ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ ልጁ ሁለት ወር አይጹም።

ደረጃ 5፦ ማር፣ ሽሮፕና የእንግዳ ከረሜላ

የጅማን ማር ማን ይጠላል? የባለቤቴ እናት ከገጠር በመጡ ቁጥር አንድ ገንቦ ይዘው ይመጣሉ። «ማር መድኃኒት ነው ልጄ፣ ምን ያደርገዋል?» ይሉኛል፤ ጣታቸውን ነክረው ለልጁ ያስልሱታል። ለባክቴሪያው ማርና ስኳር ልዩነት የላቸውም። «እማማ፣ ከገንፎው ጋር በአንዴ ይብላልን፤ ቀኑን ሙሉ በጣት አያስልሱት» አልኳቸው። አንድ ሳምንት ተቀየሙኝ፤ ከዚያ ራሳቸው ለሌሎች የልጅ ልጆቻቸው እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፤ ለጥርስ ሳይሆን ቦቱሊዝም ለሚባለው አደገኛ መመረዝ ስለሚያጋልጠው ነው። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ማርም፣ ቅቤም፣ የስኳር ውሃም አያስፈልገውም።

የሳልና የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ አብዛኛው ስኳር አለው። መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ ከሰጣችሁት በኋላ ውሃ አጠጡት፣ የማታው መጠን ደግሞ ከመቦረሹ በፊት ይሁን።

እንግዳ የሚያመጣውን ከረሜላ አትጣሉት፤ ሰውም ይቀየማል፣ ልጁም ያለቅሳል። አንድ ጣሳ ውስጥ አጠራቅሙና ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በአንዴ ይብላው፣ ከዚያ ይቦረሽ።

ደረጃ 6፦ ቦርሹለት

የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ፣ በቀን ሁለቴ፤ የማታው የማይቀር። ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት የአተር ፍሬ የምታህል የጥርስ ሳሙና። ካርቶኑ ላይ ፍሎራይድ መኖሩን፣ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም መሆኑን እዩ። ልጁ ይትፋው፣ በብዙ ውሃ ግን አይጉመጥመጥ፤ የቀረችው ፍሎራይድ ሌሊቱን ትሠራለች። እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ራሱ ከቦረሸ በኋላ ወላጅ ይድገምለት።

በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ያደጉ ሰዎችን ቡናማ ጥርስ ያዩ ወላጆች «ፍሎራይድ ጥርስ ያበላሻል» ብለው ይፈራሉ። ያ የመጣው በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ስለሚበዛ ነው። ጅማ ከስምጥ ሸለቆ ውጭ፣ በምዕራብ ከፍታ ላይ ናት፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና ያንን አታመጣም። የወይራ መፋቂያ ለአዋቂ ጥሩ ነው፣ የሁለት ዓመት ልጅ ድድ ግን ይወጋል።

የራሳችሁንም ጥርስ አስታክሙ። ገንፎውን በእናቱ ማንኪያ ቀምሶ፣ አኝኮ ማጉረስ ባክቴሪያውን ከእናት ወደ ልጅ ያሻግራል።

ደረጃ 7፦ ልጁ የከሳ ከሆነ

የከሳ ልጅ ምራቅ ያንሰዋል፤ ጥርሱ በሚሠራበት ጊዜ የተጎዳ ከሆነም ሽፋኑ ስስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የተመጣጠነ ምግብ ያጣ ልጅ ያንኑ ስኳር ቢበላ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የክንዱን ዙሪያ ስትለካው፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እንደከሳ፣ ከ11.5 በታች ከሆነ በጣም እንደተጎዳ ይቆጠራል። ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የተባለው የለውዝ ምግብ ከታዘዘለት ስኳር አለው ብላችሁ እንዳትከለክሉት፤ ሕይወቱ ይቀድማል፣ በልቶ ሲጨርስ ውሃ ይጠጣ። ስኳር ሳትጨምሩ ምግቡን ማጠንከር የሚቻለው በቅቤ ወይም በዘይት፣ በእንቁላል፣ በአቮካዶ፣ በተፈጨ ለውዝ ነው። እምቢ ያለ ልጅ ሲኖርም «ዛሬ ለምን እምቢ አለ?» ከማለታችሁ በፊት ከንፈሩን አንሱ።

ሲያመው

ጥርሱ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ አስፕሪን ወይም አረቄ አታድርጉ፤ ድዱን ያቃጥሉታል፣ አስፕሪን ለልጅ በአፍም አይሰጥም። በክብደቱ የተለካ ፓራሲታሞል ስጡትና ውሰዱት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ስለሆነ ከተማችን ከብዙ የክልል ከተሞች የተሻለች ናት። ያንን የደብተር ገጽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሐኪሙ አሥር ጥያቄ ያድናችኋል። ፊቱ ወይም ዓይኑ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ካለው፣ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተው የዚያኑ ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ነው።

ጥርስ በሚያወጣበት ወቅት ያስቀመጠውንና ያተኮሰውን ሕፃን ድድ የሚወጉ፣ «የወተት ጥርስ» ብለው ገና ያልወጣውን ጥርስ የሚነቅሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ያ ያበጠ የሚመስለው ድድ ውስጥ ያለው ጤነኛ ጥርስ ነው። ተቅማጡ የሚመጣው ሕፃኑ በዚያ ዕድሜ ያገኘውን ሁሉ አፉ ስለሚያስገባ ነው፤ ሕክምናው ኦአርኤስና ዚንክ ሲሆን በጤና ጣቢያ ይገኛል። የተወጋ ድድ ግን ይመረቅዛል፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል።

ልጃችሁ ስድስት ዓመት ሲጠጋ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ የወተት መንጋጋዎች ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ፣ አራት አዳዲስ መንጋጋዎች ይወጣሉ። አብዛኛው ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ ቋሚዎቹ ናቸው። ሲወጡ ከጎናቸው ካሉት ዝቅ ስለሚሉ ብሩሹ ያልፋቸዋል፤ ብሩሹን በጉንጩ በኩል አግድም አስገብታችሁ ለብቻቸው ፈትጓቸው።